ወንዙ አልጋ ነው ወይ?

«ለሦስት ወር ነው» አሉኝ፣ «ቢበዛ ለአራት፣
እስኪበርድ ድረስ የኦምዱርማን እሳት።»
ባልየው ሙንዚር ነው፣ መድኃኒት ቀማሚ፣
ኢጅላል ሚስቱ ደግሞ ዝም ብላ ሰሚ፤
ሁለት ልጆች፣ አንድ ሻንጣ፣ መያዣው በሻሽ የታሰረ፣
ከኋላ ሐጃ በቱል፣ ጉልበቷ ያበጠ፣
ከመተማ ወዲህ ያለውን ጉድጓድ ሁሉ የቆጠረ።

እኔ ደላላ ነኝ።
ቤት መምታት የገጣሚ ነው፤ ቤት ማግኘት የእኔ፤
ሰውና ሰፈር ካልገጠመ፣ ምን ዋጋ አለው ኮሚሽኔ?
«ሰፈር ልምረጥላችሁ» ስል ተያዩ፤
«ሰፈር» በእነሱ አፍ ጉዞ ነው፤
ገና ከጉዞ መውረዳቸው ነው።

መጀመሪያ ማራኪ ወሰድኳቸው በባጃጅ፤
ሴራሚክ ወለል፣ ሰፊ በረንዳ፣ የብረት ደጅ፤
«ዩኒቨርሲቲው ቅርብ ነው፣ መንገዱም አስፋልት» አልኩ፤
ዋጋውን ሰምተው ጫማቸውን ሲያዩ፣ ቁልፉን መለስኩ።

አዘዞ ወረድን። ሜዳ ነው፣ ለጉልበት ይበጃል፤
ግን አውሮፕላን በጣሪያው ላይ ሲያልፍ
ትንሹ ሙጅተባ ሰው አልጋ ሥር ገባ፤
ባለቤትየዋ «ምነው ልጁ?» ብትል፣ ማን ይመልሳል?

ፒያሳም ክፍል ነበረኝ፣ ከግንቡ አጥር አጠገብ፤
ተስኒም አንጋጣ አየችው፦ «ማን ነው ያፈረሰው?»
«ዘመን» አልኳት።
«በምን መታው?»
ስንቱን እንግዳ ያስጎበኘሁት አፌ ተሳሰረ።
ደረጃውም ሃያ ሰባት ነው፤
ሐጃ ሰባተኛው ላይ ተቀመጠች።

አዲስ ዓለም ደረስን። አሮጌ ሰፈር ነው፣ ስሙ ብቻ አዲስ፤
አዛኑ ቅርብ፣ ገበያው ቅርብ፣ ሥጋ ቤቱም የእነሱ።
ሙንዚር ወደደው።
ኢጅላል በዚያ ቀን አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፦
«ውሃው በስንት ቀን ነው የሚመጣው?»
«በሦስት ቀን» አልኩ።
ከደጁ የተደረደረው ቢጫ ጀሪካን
ሁሉም አፉን ከፍቶ አጋለጠኝ።
ሳቀች። «ሁለት አባይ ካለበት ከተማ መጥቼ
ውሃ ልጠብቅ? አንዱስ ከእናንተ አይደል የሚመጣው?»
«ከእኛ ነው፤» አልኩ፣ «መላክ ነው እንጂ ማስቀረት አልለመድንም።»
ቤቱ ግን ከአቀበት ላይ ነበር፤ የሐጃን ጉልበት አየሁና
ዋጋ ሳልከራከር ተውኩት።

አረብኛውን ከየት አመጣኸው ትሉኝ ይሆናል።
ጎረምሳ ሳለሁ ገዳሪፍ ወርጄ ሰሊጥ ሳጭድ
አንድ ሽማግሌ ነበር፣ ስሙ እንኳ የጠፋኝ፣
«ያ ሀበሺ፣ እዚህ እደር» ብሎ
ከገመድ አልጋው ግማሹን የሰጠኝ።
ለአንድ አጨዳ ሄጄ
አራት ክረምት ቆየሁ።

ሊመሽ ሲል ድልድይ ላይ ቆምን፣ ጉልበቷ እንዲያርፍ።
«ይህ ወንዝ ማን ይባላል?» አለች ሐጃ በቱል።
«አንገረብ።»
«ማን?»
«አንገረብ!»
በአንድ እጇ የድልድዩን ብረት ይዛ፣
በሌላው አፏን ይዛ፣ ሳቀች፣ እስክታለቅስ።
በእነሱ አገር አንገረብ የገመድ አልጋ ነው።
«ወንዙ አልጋ ነው ወይ? ታዲያ ምን ታዞረናለህ?»
አለችና ተቀመጠች። አልነሳም አለች።

ከድልድዩ ማዶ አንዲት ቤት ነበረች፣ ላሳያቸው ያፈርኩባት፤
የጭቃ ግድግዳ፣ ሁለት ክፍል፣
አቀበት የሌላት፣ ደረጃ የሌላት።
አከራይዋ አትጠገብ መብራት አበራች፣ በር ላይ ቆመች፤
«ለስንት ጊዜ ነው?» አለች።
«ለሦስት ወር» አሉ ባልና ሚስት አንድ ላይ።
እኔ ጣሪያ ጣሪያ አየሁ።

ውሉን በእጄ ጻፍኩ፦ «ለሦስት ወር»፤
ከጎኑ ትንሽ ባዶ ቦታ ተውኩ።
ከኮሚሽኔም ግማሹን ተቀበልኩ፤
ግማሹን ገዳሪፍ ላይ ተኝቼበታለሁ።